ሃያ ሁለት ራስ፣ አንድ ምላጭ

የያዙኝ ባጃጄን እያጠብኩ ነው። እጄ አረፋ በአረፋ ነበር። "እጄን ልለቅለቅ" አልኳቸው። "እዛ ትለቀለቃለህ" አሉኝ። እዛ ግን ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። አረፋው እላዬ ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተላጠ።

ጥፋቴ ምላሴ ነው። የባጃጅ ሹፌሮችን ስብሰባ ጠሩን፤ አንድ ኃላፊ ስለ ሰላም ሲያወራ ሲያወራ ዋለና መጨረሻ ላይ "ጥያቄ ያለው?" አለ። እጄን አወጣሁ። "ከተራችን ላይ ልጆች እየተነሱ ነው፤ ማነው የሚወስዳቸው? የትስ ነው የሚያደርሳቸው?" አልኩ። ጥያቄ ያለው ብሎ እሱ ነው'ኮ የጠየቀው። እኔ የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ነው፤ ለመጠየቅ ዘጠነኛ ይበቃል መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጡልኝ።

ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ላብ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ከዛ ደግሞ ሳሙና። ሳሙናው ነው የገረመኝ። በኋላ እንደገባኝ የሳሙናው ባለቤት ካቦው ነው። ካቦ ማለት የክፍሉ አለቃ ነው፤ እሱም እንደኛው እስረኛ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ አንገት የሌለው ወፍራም ሰውዬ።

"እዚህ ቤት ቅማል አይገባም" አለኝ ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ። "ጫማህን እዛ፣ ራስህን እዚህ።"

ምላጩ ዳቦ ውስጥ ተደብቆ የገባ ነው። ግማሽ እርሳስ ጫፉን ሰንጥቀው እዛ ውስጥ ሰክተውታል፣ በክር አስረውታል። እኔ ስገባ ሃያ ሁለት ሞላን፤ ለሃያ ሁለት ሰው ያለው እሱ ነው። ካቦው ከእያንዳንዱ ራስ በኋላ ምላጩን በሳሙና ያጥባል፣ ወደ መስኮቷ ብርሃን ከፍ አርጎ ያየዋል፣ እፍ ይልበታል። ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አለ? እውነት ለመናገር እኔም እንደዛ ነው ያሰብኩት። ከጆሮዬ በላይ ቆረጠኝ።

"ደም ወጣ" አልኩት።

"ደም አለህ ማለት ነው። ደስ ይበልህ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በመጀመሪያ ቀን ካልሳቅክ ሌላ ጊዜ ይከብዳል።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የባቱ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ፖሊስ ልጃቸውን ፈልጎ ሲያጣው እሳቸውን ይዞ መጣ። "ልጄ እስኪመጣ ቦታ ይዤለት ነው" ይላሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቦታው ስለማይበቃን በጎን ነው የምንተኛው። መገልበጥ ሲያምራቸው ትከሻዬን መታ መታ ያረጉና አብረን እንገለበጣለን።

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለሱ የሚውጡት ኪኒን ነበራቸው፤ ቁርስ በማይኖርበት ቀንም በባዶ ሆድ ይውጡታል። በኋላ በኋላ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ትንሽ ሲቆሙ ግድግዳ ይይዛሉ። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንደ ነውር በሹክሹክታ፣ "ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረብኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

"የበሉት ነገር ይሆናላ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ምን በልተው? የሁላችንም ምግብ አንድ ነው። ይሄን ያሰብኩት በኋላ ነው።

በዘጠነኛው ቀኔ ጠዋት የሽንት ቤት ተራ ቆመን ሳለ ጋሼ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ቀጥሎ ተጋደሙ። ካቦው በሩን በሁለት እጁ ደበደበ። ሰውዬው መፎከር የሚወድ ነው፣ ያን ቀን ግን "ሰው! ሰው!" ብቻ ነበር የሚለው። የጣቢያው ኃላፊ መጣ፣ አየ፣ "ማን ይሸከማል?" አለ። የቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ተሸከምኩ። ቀለውኛል። ይሄ አስፈራኝ።

ግራ እጄን ከአንድ ፖሊስ ቀኝ እጅ ጋር በካቴና አገናኙንና በፒካፕ ሆስፒታል ወሰዱን። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ከአርሲ በኩል የመጣ፤ አማርኛው በኦሮምኛ የተቀመመ፣ ጫማው አዲስ። በየጉድጓዱ ስንነጥር የጋሼን ራስ በነጻ እጁ ደግፎ ያዘላቸው። ማንም አላዘዘውም።

ሐኪሟ የጋሼን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አርጋ አየች። ውስጡ ነጭ ነበር። ስለ ሰገራቸው ነገርኳት።

"ሆዳቸው ውስጥ እየደሙ ነው" አለች። "ጥቁሩ ደም ነው። ሆድ ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል። የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?"

የጉልበቱን ኪኒን ነገርኳት። "እሱ ነው ሆዳቸውን ያቆሰለው" አለች። ያን ሬንጅ ምግብ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

"ቢያንስ ሁለት ከረጢት ደም ይፈልጋሉ። በሳቸው ዓይነት፣ በኦ፣ ያለን አንድ ነው፤ አሁን እንሰቅልላቸዋለን። ዛሬ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ ደሙ ተመርምሮ ነገ ይደርሳል። ካልተገኘ... ቤተሰብ የለም?"

ፖሊሱ እኔን አየ።

"እኔ አለሁ" አልኩ። "ኦ ነኝ። ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ ካርድ አለኝ።"

ካርዱ ሲይዙኝ ከኪሴ ካወጡት ዕቃ ጋር ጣቢያ ተቀምጧል። ግን ስናገር ደረቴ ተነፋ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጥያቄ ተጠይቄ መልሱ እኔ ጋ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ደም የሚቀዳበት ክፍል እዛው ግቢ ውስጥ ነው። ነጭ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ብስኩት የሞላ ሳህን። እኔና ፖሊሱ ሁለታችንም ብስኩቱን አየነው። የክፍሉ ሲስተር ካቴናውን አየች። ወንበር ሰጠችን፣ ፎርሟን አወጣች፣ መጠየቅ ጀመረች።

"መድኃኒት ትወስዳለህ?"

"አልወስድም።"

"የወፍ በሽታ ይዞህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ባለፈው አንድ ዓመት ስለት ያለው ነገር፣ ምላጭም ሆነ መርፌ፣ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ ተጠቅመሃል?"

በፊት ሦስቱንም ጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር "አልተጠቀምኩም" የምለው። አሁን ግን እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ሄደ፣ ከጆሮዬ በላይ ወዳለው ቁስል። የሄደው ደግሞ የታሰረው እጄ ነው። የፖሊሱም እጅ አብሮ ራሴ ላይ ወጣ።

"ምን ሆንክ?" አለኝ ደንግጦ።

እጃችንን አወረድኩ። ጋሼ ከግድግዳው ማዶ ተኝተዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ብዋሽ ማን ያውቃል?

"ሲስተር፣ ደሙ ይመረመራል አይደል?"

"ይመረመራል።"

"በሽታ ካለበት ይጣላል?"

"ይጣላል። ግን አዲስ የገባ በሽታ ለተወሰነ ጊዜ በምርመራ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ማሽኑ ያላየውን አንተ ልታውቅ ትችላለህ።"

ፖሊሱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አልተጠቀምኩም በላት ባክህ። ሽማግሌው ይሙት?"

ንዴቴ ያኔ ነው የመጣው። በሱ አልነበረም። መርማሪው በየቀኑ "እውነቱን አውጣ" ይለኛል፤ ሳወጣ "ዋሸህ" ይለኛል። ዛሬ ደግሞ እውነቱ ራሴ ላይ በቁስል ተጽፎ እያለ ዋሽ እባላለሁ።

"ተጠቅሜአለሁ" አልኳት። "ሃያ ሁለት ሆነን በአንድ ምላጭ። ዘጠኝ ቀኑ ነው። ቆርጦኛልም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ ያየችው እኔን አይደለም፣ ፖሊሱን ነው። እሱ አዲስ ጫማውን አየ።

"እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ። "አንድ ዓመት ጠብቅ፣ ተመርመር፣ ከዛ ና። እስከዛ ግን ያ ምላጭ አይነካህ።"

ስንት ሰው ነው እውነቱን አውጣ ያለኝ። ሳወጣው ያመሰገነችኝ እሷ ብቻ ናት።

ግን ምስጋናው ለጋሼ አይሰቀልላቸውም።

"አሁን ሽማግሌው እንዴት ሊሆኑ ነው?" አለ ፖሊሱ።

ሁለታችንም ዞረን አየነው።

"እኔ ሥራ ላይ ነኝ!"

"እኔስ? መታሰር ሥራ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ሲስተሯ ሳቋን ዋጥ አርጋ፣ "ቁርስ በልተሃል?" ስትል ጠየቀችው።

"በልቻለሁ" አለ። መያዙ የገባው ካለ በኋላ ነው። "ሰርጌ ደርሷል'ኮ፣ ሲስተር። ደም የሰጠ ሰው ይከሳል ይባላል።"

"ሙሽራዋ በሚዛን ነው እንዴ የምትወስድህ?" አልኩት።

"አንተ ዝም በል፣ ምላሳም!"

ሲስተሯ አላግባባችውም፣ አልለመነችውም። "ካልፈለግክ አትገደድም። የሚሰጠው በፈቃድ ብቻ ነው" ብላ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች። 'ፈቃድ' የምትለዋ ቃል ናት መሰለኝ የያዘችው። ፈቃዱን የጠየቀው ሰው ከጠፋ ሳይቆይ አልቀረም።

"ጠይቂኝ" አለ።

መልሱን እኔ እንድሰማ ስላልፈለገች ፎርሙን እሱ ራሱ እንዲሞላ ሰጠችው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ እጄ ግን ከእጁ ጋር ወረቀቱ ላይ ይሄድ ይመጣ ነበር። ሲጨርስ ጣቱን ወጋ አርጋ ጠብታዋን ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጣለች። ጠብታዋ ወደ ታች ሄደች።

"ሰመጠች!" አለ።

"ጥሩ ነው። ደምህ በቂ ነው ማለት ነው።"

ዓይነቱንም አየችው። ኦ ሆነ። እንደኔው።

የግራ እጁ ደም ስር አልገኝ አላት። ጥሩው ስር ካቴና ያለበት እጁ ላይ ነው። ቁልፉን አወጣ፣ የራሱን ፈታ፣ ካቴናውን የአልጋው እግር ላይ ሊያስር ጎንበስ ሲል ሲስተሯ ከለከለችው። "እዚህ አልጋ ላይ ሰው አይታሰርም።" ግራ ገባው። በመጨረሻ የተፈታውን ጫፍ ለኔው ሰጠኝ።

"ያዘው" አለኝ።

ያዝኩት። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ መዳፌ ውስጥ። በሩ ለሙቀቱ ተከፍቷል። ከውጭ ባጃጆች የሚሄዱበትን ሰፈር "ፍራንኮ! ፍራንኮ!" እያሉ ይጣራሉ፤ አንዱን በድምጹ አወቅኩት፣ የተራችን ልጅ ነው። አስር እርምጃ ቢሆን ነው። ልሩጥ ብዬ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ፖሊሱ ተኝቶ ደም እየሰጠ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ላብ ግንባሩ ላይ ቸፈፍ ብሏል።

"አለህ?" አለኝ።

"አለሁ።"

"ሞላ?"

"ግማሽ ሆኗል። እጅህን ጨበጥ ለቀቅ አርግ።"

ሲጨርስ ቀና ለማለት ቸኮለና ፊቱ ነጣ። ሲስተሯ አስተኛችው፣ እኔ እግሩን ከፍ አርጌ ያዝኩለት፣ ካቴናዬ እየተንጠለጠለ። ለስላሳ አጠጣነው። ብስኩቱን ለሁለት ሰበረና ግማሹን ሰጠኝ። ከዛ ክንዱን ዘረጋ፣ እኔም ካቴናውን መለስኩለት።

ክፍል ስመለስ ሁሉም ስለ ጋሼ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ምላጩም ነገርኳቸው። ካቦው ተቆጣ።

"በሳሙና አጥበዋለሁ'ኮ!"

"ታጥባለህ። ማንም እንዳንተ አያጥብም። ግን ሲስተሯ አይሆንም አለች።"

ብዙ ሰዓት ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። "ሰባት ወር ሙሉ ሰው ላጨሁ" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ተነሳ፣ ምላጩን ከእርሳሱ ፈታ፣ በጨርቅ ይዞ ሰበረው፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ከዛ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ እስከ ክርኑ።

ጋሼ ሆስፒታል በሄዱ በስምንተኛው ቀን በእግራቸው ገቡ። ከንፈራቸው ከንፈር መስሏል። በሩ ላይ ቆመው አዩን። ሃያ አንድ ሰው፣ ጺሙና ጸጉሩ ያደገ፣ ሐዘን የተቀመጠ የሚመስል።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"እርስዎ ነበሩ" አለ ካቦው።

"አስለፋኋችሁ በሉኛ!" ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "ሁለት ከረጢት ገባልኝ። የማን ነው ብል አይነገርም አሉኝ። አሁን ውስጤ ማን እንዳለ አላውቅም።"

ያመጣቸው ያ ፖሊስ ነበር። እሱ እኔን አየ፣ እኔ እሱን አየሁ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

እኔን ከወራት በኋላ "ሂድ" አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። የጋሼ ልጅ እስካሁን አልተገኘም፤ እሳቸው ግን ባቱ ገብተዋል፣ አልፎ አልፎ ይደውላሉ።

ጸጉር ቤት የራሴን ምላጭ ይዤ ነው የምሄደው። ጸጉር አስተካካዩ ይቀየማል፣ ይቀየም። ዓመቱ ሲሞላ ተመረመርኩ፣ ንጹህ ነኝ ተባልኩ፣ ካርዴን ይዤ ደም ልሰጥ ሄድኩ። ሌላ ሲስተር ናት። ጥያቄዎቹን ጨረሰችና ካርዴን አገላበጠች።

"ሦስቴ በተከታታይ ሰጥተህ ጠፋህ። ምን ሆነህ ነው?"

"ታስሬ ነበር። ምላጭ ተጋርቼ ነበር። የምጠብቀው ጊዜ ነበረኝ፣ ጠበቅኩ።"

አየችኝ። ክንዴን በጎማው አሰረችና "ጨብጥ" አለችኝ።

ጨበጥኩ።