ፎቶው ላይ የጣልኩት ነጠላ

ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ ጎሬ መንገድ ላይ ገደል የገባ ጊዜ አገር ሁሉ አለቀሰ። ጎረቤቴ ግን ልጇን ቀበረች። መቱ ገበያ ዳር ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ናት፤ ልጆቻችንን ያሳደግነው በአንድ ግቢ ነው። ጸጉሯን ከቤተሰቧ ሌላ ወንድ አይቶት አያውቅም። ሬሳው ከሆስፒታል ሲወጣ መሬት ላይ ስትወድቅ ሻሿ ወለቀ። ሮጬ በነጠላዬ እስክሸፍናት አንድ ጋዜጠኛ ቀድሞኝ ፎቶ አንስቷት ነበር።

ያ ፎቶ መታሰቢያው በደረሰ ቁጥር በቴሌቪዥን ይወጣል። በዚያ ሰሞን ሱቋን ዘግታ ቤቷ ትውላለች።

አምና በመታሰቢያው ቀን የቴሌቪዥን ጣቢያው ጋዜጠኞች ያንን ሐዘን እንዴት እንደዘገቡት ሊያወሱ መቱ መጡ። የሟች ቤተሰቦች አዳራሽ ተጠሩ፤ እኔም እጇን ይዤ ከፊት ተቀመጥኩ። መድረኩ ላይ ከቁመቴ የሚበልጥ ፎቶ ቆሟል። እሷ ናት፣ ጸጉሯ ተበትኖ።

«ልውጣ» አለችኝ።

«ታኢ!» አልኳት በኦሮምኛ። «ቁጭ በይ። መውጣት ያለብሽ አንቺ አይደለሽም።»

ጋዜጠኞቹ በዝናብ ስለመጓዛቸው፣ እንቅልፍ ስለማጣታቸው አወሩ። አልዋሹም፤ ደክመው ነበር። ከዚያ አንዱ ወደ ፎቶው ዞሮ፣ «ይቺን እናት ያነሳኋት እኔ ነኝ። አገሩን ያስለቀሰችው እሷ ናት» አለ።

ተነሣሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደረጃውን ግን ወጣሁት።

«እማማ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነን» አለኝ መድረክ መሪው።

«እሰይ! እንግዲያው አገሩም ይየኝ።» ወደ ፎቶ አንሺው ዞርኩ። «ሻሿ ሲወልቅ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

«ያኔ እጅህ የት ነበር?»

«ካሜራው ላይ።»

«የእናትህ ሻሽ ቢወልቅስ?»

ፎቶውን ቀና ብሎ አየ።

«እኛ ዘንድ ያዘነ ሰው ይያዛል እንጂ አይታይም። ወገቡን ደግፈን፣ የወለቀውን አልብሰን ነው የምናስለቅሰው። አንተ ለቅሷችን ላይ መጥተህ ‹ያጽናሽ› እንኳ ሳትላት ሄድክ።»

«አገሩ እውነቱን ማየት ነበረበት፣ እማማ።»

«እውነቱማ የልጇ መሞት ነው! ጸጉሯ ምን አደረገ?»

ነጠላዬን አውልቄ ፎቶው ላይ ጣልኩት። እጄ አጥሮኝ ሲንሸራተት፣ ሴት ልጁን ያጣ አንድ የዳሪሙ ገበሬ ወጥቶ ጫፉን ያዘልኝና ከፍሬሙ ጋር ቋጠርነው። እስከ መጨረሻው እንደተሸፈነ ቆየ፤ የሚያነሳው ደፋር አልተገኘም።

ሲያበቃ ፎቶ አንሺው ወደ ጎረቤቴ መጥቶ ጎንበስ አለ። «አላህ ያጽናዎት» አላት።

«አሚን» አለችው።

እኔ እንደሷ ደግ አይደለሁም። «ፎቶውስ?» አልኩት።

«የሚወስነው ጣቢያው ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ለጣቢያው ንገርልኝ፤ በሚቀጥለው መታሰቢያም እመጣለሁ።»

ዘንድሮ በመታሰቢያው ቀን ሱቋ ክፍት ነበር። እኔም ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቤ፣ የማዶውን ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ስጠብቅ ዋልኩ። ፎቶው አልወጣም። ከርሞ እናወጣዋለን ካሉም ያውጡት፤ ሣጥኔ ውስጥ ሌላ ነጠላ አለኝ።