ፎጣው ሲነሳ

ባሌ ወጌሻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ክለብ ሯጮች እግር ሲያሽ ኖሯል፤ እኔ ወገቤን አመመኝ ስል ግን «ዛሬ እጄ ደክሟል» ይለኛል። ልምምድ ሲያልቅ ሯጮቹ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። የባሌን ዓይን በፎጣ ያስሩትና ከእነሱ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። እሱ ባቱን ዳሰስ አድርጎ የማን እግር እንደሆነ ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ተሳሳተ። ባቱን ጨበጥ አድርጎ «ግንዱ» አለ። ግንዱ የሚሉት አራት መቶ ሜትር የሚሮጠውን ደንዳና ጎረምሳ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፎጣውን ሲያነሳ የተኛችው ቀጮ ነበረች፣ እዚያው ክለብ የምትሮጠው የገዛ ልጃችን። ከአራስነቷ ጀምሮ ሲያሸው የኖረውን እግር ነው ያላወቀው።

ቤት መጥቶ ራቱን ሳይነካ «ምን እየወሰድሽ ነው?» አላት። መጀመሪያ ቫይታሚን ነው አለች። ባቷን በጣቱ ጠቆመላት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አሠልጣኙ ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ የተከለከለ የጡንቻ መድኃኒት ሲወጋት ከርሟል። ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ ሁሉም ይወጋል» አለችኝ። «ቢፈቀድ እኮ ይሻል ነበር። ቢያንስ ማንም አይዋሽም።»

«ቢፈቀድማ» አለ አባቷ፣ «መወጋት የማትፈልገዋ በምን እግሯ ልትሮጥ ነው?»

አቀረቀረች። «ብተወው አሠልጣኙ ከእሁዱ ውድድር ያስወጣኛል» አለች። ስምንት ዓመት የለፋችው ለዚያ ውድድር ነው።

በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ አሠልጣኙ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሳበልኝ፤ ጨዋ ነው መቼስ።

«እትዬ፣ ዘመኑ ነው» አለኝ። «ነገ ከነገ ወዲያ መፈቀዱ አይቀርም። ደግሞ ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት፣ እኔ ማንንም አላስገደድኩም።»

«እና አልወጋም ብትልስ?»

«መብቷ ነው» አለና እስክሪብቶውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የእሁድ ዝርዝር ውስጥ ስሟን ሰረዘው። እዚያው ፊቴ ላይ። «ቅዳሜ ጠዋት ለመርፌዋ ከመጣች እመልሰዋለሁ።»

አላስገደድኩም ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ ያልወጣልኝ ገና አለ።

የአሠልጣኙን ቃል ነግሬያት ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ቀጮ ጫማዋን አስራ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አባቷም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ብዙ ከቆመች በኋላ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ፈታች።

እሁድ ሦስታችንም ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። የእሷን ቦታ የያዘችው ልጅ አሸነፈች። አሠልጣኙ ማይክ ተደቅኖለት «የልፋታችን ውጤት ነው» ሲል ሪሞቱን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ቀጮ ግን ሶፋው ላይ ተጋድማ እግሯን አባቷ ጭን ላይ ዘርግታለች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ያሻታል።

«አባዬ፣ አሁንስ ማን ነኝ?» አለችው።

ከባቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

«ባትሽ ጋ ገና አላውቅሽም» አላት። «ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ግን ቀጮ ነሽ።»

ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። አሠልጣኙ አሁንም ቴሌቪዥኑ ላይ ይስቃል።