ስመኝን ብቻ የሚጠራው ዕጣ

የነነዌ ጾም ሰሞን ነው። እዚህ እንጅባራ ለሒሳብ ተማሪዎች ኮምፒውተር እያስተማርኩ ነበር... ለስሌቱ ፓይተን፣ ለጽሑፉ ደግሞ ላቴክ። ላቴክን ለማታውቁት፣ ክፍልፋዩንም ሥሩንም በትእዛዝ የምታስጽፉበት ነገር ነው። አንድ ቅንፍ ሳትዘጉ ከቀራችሁ ግን አለቀላችሁ፤ ያ ሁሉ ድካም ወደ ቀይ የስህተት መልእክት ይቀየራል።

በየቀኑ አንድ ተማሪ ወጥቶ፣ ሁሉም ፕሮጀክተሩ ላይ እያየው፣ አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ በላቴክ ይጽፋል። ማን ይውጣ? በፈቃዱማ ማን ይወጣል! ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ነው የሚያየው። ስለዚህ የሁሉንም ስም አስገብቼ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራሁ። አድልዎ የለ፣ ኩርፊያ የለ። በራሴ ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ሰኞ ተጫንኩት። «ስመኝ» አለ።

ስመኝ ከአዘና ገጠር የመጣች፣ ቤቷ አውንጊ የሚነገርባት ዝምተኛ ልጅ ናት። በእስክሪብቶ ከሆነ የሚያህላት የለም፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምጿ ይጠፋል። አንድ መስመር ብቻ ጽፋ፣ «ይቅርታ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት። «ስመኝ»። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷም እንደምንም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ረቡዕም... «ስመኝ»።

አሁን የሳቀ የለም። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግ በዓይኔ አየሁ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ዲያቆን ተማሪ ቀስ ብሎ «ዮናስ...» አለ። ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰነበተው እሱ ነዋ! ሂድና ተናገር ሲባል ሸሽቶ መርከብ ተሳፈረ፣ ማዕበሉ ሲነሳ መርከበኞቹ ዕጣ ጣሉ፣ ዕጣውም እሱ ላይ ወጣ። ስመኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የሒሳብ አስተማሪ ተብዬውም ጀርባዬን ሲበርደኝ ተሰማኝ።

ከሰዓት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። አገኘሁት! ኮምፒውተር ዕጣ የሚያወጣው እንደኛ ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም፤ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ አስልቶ ነው። መነሻውን አንድ ቁጥር ላይ ካሰራችሁት፣ በከፈታችሁት ቁጥር ያንኑ ስም ይጠራል። እኔ ደግሞ ፕሮግራሙን ስሞክር አስሬው፣ መፍታቱን ረስቼዋለሁ። እፎይ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ሳይሞላ ስመኝን አስጠራኋት። መጣች፣ ዓይኗ አብጧል። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት።

«የኔ ጥፋት ነው። ይቺን መስመር አጥፍቻታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ማን እንደሚወጣ እኔም አላውቅ። ነይ ራስሽ ተጫኚው» አልኳት።

«ይቅርብኝ ቲቸር።»

«ኧረ ተጫኚው! ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል አንቺን መልሶ አይጠራም።»

ተጫነችው።

«ስመኝ»።

ጸጉሬ ቆመ። አጋጣሚ ነው ልላት ስል ራሴም አላመንኩትም። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

እሷ ናት የተናገረችው። የሚገርመው፣ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ታናሽ እህቴን እሁድ ሊድሯት ነው ቲቸር። ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። ድረሽልኝ ብላ ገበያ በመጣ ሰው ልካብኝ ነበር... አባቴን ፈርቼ፣ ትምህርት አለብኝ ብዬ እዚህ ተደበቅኩ።»

«እና አሁን?»

«አሁንማ ዕጣው ሂጂና ተናገሪ እያለኝ ነው።»

በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የአዘና ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች፤ ወደ ኋላ እንኳን አልዞረችም።

ተመልሼ ያን ፕሮግራም አስነሳሁት። ሌላ ስም። ደገምኩት፣ ሌላ ስም። ጣቴ እስኪዝል ተጫንኩት... የክፍሉ ልጅ ሁሉ ተራ በተራ ተጠራ፣ አንዳንዱም ደጋግሞ። የሷ ስም አንዴም አልወጣም። ኮምፒውተሩን በድንጋጤ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አትጠይቁኝ። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። አባቷ ቢመታትስ? ሰርገኛው ቢነሳባትስ? ልጅቷን የላክኋት እኔ ነኝ ወይስ... ብቻ እህል አልበላ አለኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀጥ ብዬ ወደሷ ሄድኩ።

«እንዴት ሆነ?»

«ቀረ» አለች። «ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት ተነስቼ ተናገርኩ። የንስሐ አባታችንም ከኔ ጋር ቆሙ። አባቴ እስካሁን አያናግረኝም... እህቴ ግን ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች።»

ይህን ብላ ማንም ሳይጠራት ተነሳችና ፕሮጀክተሩ ጋ ሄዳ መጻፍ ጀመረች። አንድ ቅንፍ አልሳተችም።

አጋጣሚ መሆኑን ሰሌዳ ላይ በቁጥር ላስረዳችሁ እችላለሁ፣ ሙያዬ ነው... ማን ይውጣ ሲባል ግን አሁን በጣቴ ነው የምጠቁመው።