ከግራ ሦስተኛዋ

ጥርስ ሠሪው ጣቱን በመስታወቱ ላይ ከላይ ወደ ታች እየነዳ ስሞቹን አነበበ። አንዱ ስም ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ተመልሶ ከላይ ጀመረ፤ አሁንም እዚያው ቆመ። ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ሲያጸዳ ነው ከመስታወቱ የተላቀቀው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሳምንቱ ድልድል በቲያትር ቤቱ የጎን በር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይለጠፋል። ማን ምን እንደሚደንስ፣ ማን ማንን እንደሚተካ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ጥርስ ሠሪው ይህን ለማንበብ ሲል ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ሰኞ ሰኞ ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። በዚህ ሰኞ ድልድሉ የዓመቱን የመጨረሻ ትርኢት፣ የቅዳሜ ከሰዓቱን፣ ዋና ሚና ለሦስተኛዋ ሰጥቷት ነበር።

ሦስተኛዋ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ባሌቱ፣ በዳንስ ብቻ የሚተረከው ትርኢት፣ የአንዲት የጨው ነጋዴ ሙሽራ ታሪክ ነው። በሁለተኛው ክፍል ሃያ አራት ሴቶች ነጭ ለብሰው በአራት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ጨው ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ፀጉር፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ በዱቄት የነጣ አንድ ዓይነት ፊት አላቸው። ቀኝ እጃቸውን አብረው ያነሣሉ፣ አብረው ያወርዳሉ። ከፊተኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ ግን የፀጉር ያህል ትዘገያለች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት መጀመሪያ ሲያያት ስህተት መስሎት ነበር። በአራተኛው ጊዜ ገባው። ሌሎቹ እጃቸውን ያወርዳሉ፤ የእሷ እጅ ግን ሙዚቃው እስኪያልቅ ሰምቶ፣ ሳይወድ በግድ ይወርዳል።

የፀጉር ያህል ልዩነት ማየት እንጀራው ነው። ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የመንጋጋው ቅርጽ በጀሶ ተቀርጾ፣ ቁጥር ተለጥፎበት በሣጥን ይመጣለታል። በሰም ይለካል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል፣ መልሶ በሣጥን ይልካል። የአፉን ባለቤት አይቶት አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቹ፣ ሚስት አግብቶ ቢሆን ኖሮ እሷንም ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ነበር የሚያያት ይሉታል። እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጀሶውን ይፍቃል።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የቲያትር ቤቱ ርካሹ ቦታ እዚያ ላይ፣ ከምሰሶው ጎን ነው፤ ቆመው የሚያዩበት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጎኑ የቆመችው ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ስለ ዳንሰኞች ሲከራከሩ ሰው ባልና ሚስት ይመስሉታል። መምህርቷ ልዑል ሆኖ የሚደንሰውን ረጅሙን ሰው ትወደዋለች። ጥርስ ሠሪው ደግሞ ሲዘል ወፍ ነው፣ ሲያርፍ ግን ከፎቅ የወደቀ ቁም ሣጥን ነው ይላል። በፊት ሙሽራዋን ትደንስ የነበረችውን ግን ሁለቱም አልወደዷትም፤ ስትደንስ በከንፈሯ ትቆጥራለች። አንዴ መምህርቷ በአቅራቢ መነጽሯ ከንፈሯን እያየች እስከ ስምንት አብራት ስትቆጥር፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ገላመጧቸው።

የተጣሉት በሦስተኛዋ ጉዳይ ነው። ስሟን ያገኘው ከፕሮግራሙ ወረቀት ነበር። በጨዎቹ ዝርዝር ላይ ሃያ አራት ስም አለ፤ ከላይ ሦስተኛው ስም ከግራ ሦስተኛዋ ናት ብሎ ደመደመ።

«ዝርዝሩ በሰልፉ ቅደም ተከተል መሆኑን ማን ነገረህ?» አለችው መምህርቷ።

«ዓይን ያለው ሰው ያየዋል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስም ጠርቻለሁ። ስሙ በተጠራበት ተራ የተቀመጠ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።»

አንድ ወር ሙሉ በምሰሶው ግራና ቀኝ ቆመው ሳይነጋገሩ ቀሩ። ከዚያ ታረቁ፤ ነገሩ ግን ዳግም አልተነሣም። መምህርቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቦታዋ ላይ አሁን ጃንጥላውን ያቆማል።

ስለዚህ በዚያ ሰኞ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ለባልደረቦቹ ነገራቸው፤ አንዱ እንኳን ደስ አለህ፣ ሠርጉ መቼ ነው አለው። ከሰዓት በኋላ ለታላቅ እህቱ ደወለ። እህቱ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ ከከተማው ማዶ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስለ ባሌቱ ሲያወራላት ኖሯል፤ መልሷም ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። አሁን ግን ከሃያ አራት ሴት መሀል ከዘጠኝ ዓመት በፊት የለያት ልጅ ለዋናው ሚና ስለበቃች፣ መጥታ በዓይኗ እንድታይለት ጠየቃት። በሕይወቱ አንድ ነገር ቀድሞ ያየው እሱ መሆኑን አንድ ሰው እንዲመሰክርለት ፈልጎ ነበር። እህቱም ለዚያች ልጅ ባዶ እጅ እንደማይኬድ፣ አበባ እንዲገዛ፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷ ስለማይችል መቆም እንደማትችል ነገረችው።

ሁለት የመቀመጫ ትኬት ገዛ። ከአበባው ጋር በሚሄደው ካርድ ላይ የሚጽፈውን አራት ጊዜ ጽፎ ቀደደ። በመጨረሻ የዳንሰኛዋን ስም፣ ከሥሩም «ዘጠኝ ዓመት አይቼሻለሁ» ብሎ ከነአድራሻው ጻፈ።

ቅዳሜ እህቱ ለለቅሶ የምትለብሰውን ጥቁር ካፖርት ለብሳ መጣች። መብራቱ ጠፍቶ ሙሽራዋ ስትገባ የጥርስ ሠሪው እጅ አበባውን ጨምድዶ ያዘ። ሙሽራዋ ጥሩ ነበረች። ዝላይዋ ድምፅ የለውም፤ አንገቷ ረጅም ነው፤ ስትዞር እንደ ቀድሞዋ አትቆጥርም። ነገር ግን እጇን አነሣች፣ አወረደችም፤ ከሙዚቃው ጋር እኩል ወረደ። ፍርሃት ነው ብሎ አሰበ። ዋና ሚና ስትይዝ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ተቆጥባ ነው። ሁለተኛ ጊዜ አነሣች፤ አሁንም እኩል ወረደ።

በእረፍቱ ሰዓት እህቱ ዓይኗ በርቶ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ስቄብህ ኖርኩ፤ ለካ ዓይን አለህ» አለችው።

ዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ቃል ይኸው መጣለት። ጥርስ ሠሪው ጎንበስ ብሎ የካፖርቷን ቁልፍ አስተካከለላት።

መጋረጃው ለሁለተኛው ክፍል ተከፈተ። ሃያ አራቱ ጨው ቆመዋል። ሙሽራ የሆነችው ልጅ ከሰልፉ ስለወጣች ቦታዋን የሚተካ ሌላ ሰው ይኖራል ብሎ ወደ ሦስተኛዋ ቦታ ተመለከተ። ሙዚቃው ጀመረ። እጆቹ ተነሡ። እጆቹ ወረዱ። ከግራ ሦስተኛዋ የፀጉር ያህል ዘገየች።

ሙሽራዋ መድረኩ መሀል ናት፤ ሦስተኛዋም በቦታዋ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ያ የሦስተኛዋ ነው ያለው ስም ከፕሮግራሙ ላይ ጠፍቶ ሦስተኛዋ ግን በሰልፉ ላይ ነበረች። ያን ዕለት የየምሽቱን ትርኢት በሚመዘግብበት ደብተር ላይ «የማተሚያ ቤት ስህተት» ብሎ ጽፎ አልፏል። አሁን ትዝ አለው። መምህርቷም ትዝ አለችው። ልክ ነበርሽ እንዳይላት ግን በሕይወት የለችም።

ቤቱ በሙሉ ሙሽራዋን ሲያይ እሱ ከዳር ያለችውን አየ። እህቱ በክርኗ ነካችው።

«ወንድሜ፣ ልጅቷ መሀል ናት። ዳር ዳሩን ምን ታያለህ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። እህቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጨበጨበች፤ ጉልበቷን ረስታው ነበር። አበባውን ሰጥቶ እስኪመለስ ፌርማታው ላይ እንደምትጠብቀው ነግራው ሄደች።

ጥርስ ሠሪው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የጎን በሩን አልፎ ገብቶ አያውቅም። ውስጥ ጠባብ ኮሪደር፣ ቁልፍ የተሰቀለበት ሰሌዳ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ሻይ የሚጠጣ የጥበቃ ሠራተኛ አለ።

«አበባው ለማን ነው ጋሼ?»

ጥርስ ሠሪው ካርዱን በመዳፉ ሸፈነው። «በጨዎቹ መሀል፣ ከፊት ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛዋ» አለ።

«ከማን ግራ? ከናንተ ነው ከነሱ?»

«ከእኛ። ከተመልካቹ።»

ጥበቃው ብርጭቆውን አስቀምጦ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር አየ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ዝርዝሩ በቅጥር ዘመን ቅደም ተከተል የተጻፈ እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚቆም እዚያ ላይ እንደማይገኝ፣ ለእሱ ሁሉም ቦርሳ ተሸክመው ወጥተው የሚገቡ ልጆች እንደሆኑ ነገረው። አሁን ልብስ ቀይረው በዚህ ስለሚወጡ ቆሞ እንዲጠብቅና ሲያያት እንዲሰጣት መከረው።

ጥርስ ሠሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወጡ። ዱቄቱ ታጥቧል፤ ፀጉራቸው ተፈትቷል። አንዷ ታስላለች። አንዷ ለባሏ ይሁን ለወንድሟ ስልክ ላይ ዳቦ እንዲገዛ ትናገራለች። ሁለቱ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። እጆቻቸውን አየ፤ ብርድ ስለነበር ሁሉም ኪስ ውስጥ ናቸው። እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ቆጠረ። አንዷ ከፊቱ ስትደርስ ፈገግ ብላ «ደህና ይዋሉ» አለችው፤ እሱም «ደህና ዋይ» አለ። ጥርሷን አየ፤ የላይኛው ግራ ክራንቻዋ ትንሽ ወጣ ብሏል። እሷ ትሁን አትሁን ግን አላወቀም።

ኮሪደሩ ባዶ ሆነ።

«አጧት?» አለ ጥበቃው።

«አልለየኋትም።»

ጥበቃው አበባውን ተቀበለው። ካርዱን ገልብጦ ስሙን አነበበና ፊቱ ፈታ አለ። «ይኸው ስሟ ተጽፎ የለም እንዴ? ሙሽራዋ ናት። ገና አልወጣችም፤ እኔ እሰጣታለሁ።» ጥርስ ሠሪው አላረመውም። ሙሽራዋም ለዚያ አበባ የሚበቃ ደንሳለች።

ፌርማታው ላይ እህቱ ሰጠሃት ወይ አለችው። ሰጠኋት አለ። አውቶቡሱ ውስጥ እህቱ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለት ፌርማታ አልፎባቸው በእግር ተመለሱ።

እሑድ ጠዋት የዘጠኙን ዓመት ዘጠኝ ደብተሮች ከአልጋው ሥር አወጣና ስሙን ካለበት ሁሉ ይሰርዝ ጀመር። በምትኩ የሚጽፈው ሌላ ስም ስላልነበረው «ሦስተኛዋ» ብሎ ጻፈ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ደብተር ጨረሰ። ሰባቱን መልሶ አስገባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት በፖስታ ፎቶግራፍ ደረሰው። ሙሽራዋ ፈርማበት፣ ስለ ዘጠኙ ዓመት አመሰግናለሁ ብላበታለች። እህቱ ወስዳ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ለጎረቤት ስታሳይ ወንድሜ ነው ያገኛት ትላለች።

አዲሱ የትርኢት ዘመን ሲከፈት ከግራ ሦስተኛ ቦታ ላይ እጇ የማይዘገይ ሌላ ሴት ቆማለች። በጎን በሩ መስታወት ላይ ቡድኑን የለቀቁ ዳንሰኞች ስም ተለጥፎ ነበር። ስሞቹ አራት ነበሩ፤ የሦስተኛዋ የትኛው እንደሆነ ግን አልተጻፈም።