ክር የሌለው ቅምቅማት

የስፌት አሠልጣኟ ክር ትቆልፋለች። አንድ ጊዜ ለስደተኛ ወጣቶች ማሠልጠኛው ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች ሊጎበኙ መጥተው ክር አልቆ ተገኘ። የማሠልጠኛው ኃላፊ በሰው ፊት አዋረዳት። ከዚያ ወዲህ ጥቅሎቹን በየቀለማቸው ካቢኔ ውስጥ ደርድራ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ክር የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆነ። በሌላው ቀን ልጆቹ ማሽኑ ላይ በባዶ መርፌ የተሰመረ ወረቀት ይሰፋሉ። መስመር ለመልመድ ለጀማሪ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እሷ ግን ሥልጠናውን በዚያው ጨረሰችው።

ማሽን ከሁሉም ቀጥ አድርጋ የምትነዳዋን ልጅ ጓደኞቿ «ማስመሪያ» ይሏታል። ሥራ ካገኘች እናቷን ከመጠለያው አውጥታ ቤት ልትከራይ ነው። አሠልጣኟ ይዛት ወደ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ እኔ ዋሷ ነኝ። እጇ አይታማም።»

ሰውየው ለልጅቷ የደንበኛ ሱሪ ሰጣት። «በይ ቀምቅሚ፣ እንይሽ።»

ልጅቷ ፔዳሉን ረገጠች። መርፌው ዝንፍ ሳይል የሱሪውን ጫፍ ዞረ። ሰውየው ሱሪውን ሲያነሳው እጥፋቱ ተዘርግቶ ወደቀ። ጨርቁ ላይ የቀረው ቀጥ ያለ የቀዳዳ ሰልፍ ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ክር አልነበረም፤ እሷም ልትፈልገው አላሰበችም።

የቤቱ ሰፊዎች በሳቅ ፈረሱ።

«ደንበኛው እንዳይራመድ ንገሩት!» አለ አንዱ።

«ክር አግቢና ድገሚው» አላት ባለቤቱ።

ልጅቷ ክሩን ይዛ ማሽኑን ወዲያና ወዲህ አየችው። በየት በኩል እንደሚገባ አታውቅም። በጉብኝት ቀን የምታገባላቸው አሠልጣኟ ነበረች። አሁንም እጇን ሰደደች።

«አንቺ ተይ!» አላት ሰውየው አሠልጣኟን።

«ረስቼው ነው» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

 አሠልጣኟ ዝም ብትል ልጅቷ ሰነፍ ተብላ መሸኘቷ ነው።

«አልረሳችም፣ ጋሼ። አላስተማርኳትም። ክሩን ለእንግዳ ነው የምቆልፈው።»

  ሰውየው ሱሪውን አጣጠፈ።

«ልጅቷ እዚሁ ትቆይ። የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ማሽኑን ከእኛ ትማራለች። አንቺ ግን፣ እህቴ፣ ሁለተኛ ዋስ ነኝ እንዳትዪኝ።»

አሠልጣኟ ወደ ማሠልጠኛው ስትመለስ ልጆቹ ወረቀታቸውን እየሰፉ ነበር። ካቢኔውን ከፍታ ክሩን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። አንዷ ፈጠን ብላ ፀጉሯን አስተካከለች።

«ቲቸር፣ ዛሬ እንግዳ አለ እንዴ?»