እርጥብ በግ የሚሸልተው ሰላይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳ ላይ የከፈተችው ሙዚቃ ከወጥ ቤት አስሮጠኝ። ጥሩምባው፣ ከበሮው፣ ከዚያ የመኪና ጎማ ሲጮህ። የእንግሊዞቹ የድሮ የስለላ ተከታታይ ፊልም ነው፤ ያውም ያ ክፍል። "አትዝጊው" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን በሰፈራችን አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ እሱም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ፎርማን በነበሩት ጎረቤታችን ቤት። እሁድ ከሰዓት ሰፈርተኛው ይሰበሰባል፤ እኔ የስምንተኛ ክፍሏ ተማሪ ከፊት ዱካ ላይ ተቀምጬ እተረጉማለሁ። የምረዳው ግማሹን ቢሆን ነው፤ የቀረውን ከራሴ እሞላዋለሁ። እናቴ ከኋላዬ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እንዝርቷን እያሾረች ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ልብሷ በግ በግ ይሸታል። እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ራቅ ብትልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን እሁድ የፎርማኑ የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ገና ሳይጀመር "ይቺ ደግሞ እንግሊዝኛ የት ታውቃለች?" አለ። ፎርማኑ ሳቁና "እናያለና! የበለጠው ዱካዋን ይወስዳል" ብለው ፈረዱ። ያቺ ዱካ ለእኔ ሹመት ነበረች።

ሰላዩ መልኩን የማያውቀውን አንድ ከሃዲ ሰላይ እያሳደደ፣ ዝናብ ደብድቦት ተራራማ አገር ይደርሳል። በግ ሲሸልት ያገኘው ሽማግሌ ያስጠጋዋል፤ ዕድሜ ልኬን በግ አርቢ ነኝ ይለዋል። የአዲስ አበባው ልጅ "ሽማግሌው ደግ ነው፣ ያድነዋል" አለ። እኔም ያንኑ ልል ስል፣ እናቴ ከአንገትጌዬ ላይ ጸጉር የምታነሣ መስላ ጎንበስ አለች።

"ከሃዲው እሱ ነው በያቸው" አለችኝ በጆሮዬ። "እርጥብ በግ ሸልቶ ጸጉሩን ጆንያ ውስጥ የሚጠቀጥቅ ምን የሚሉት በግ አርቢ ነው? ሊያበሰብሰው?"

እንዳለችኝ ተናገርኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ግን ሽማግሌው ከጆንያው ሽጉጥ መዥረጥ አደረገ። ፎርማኑ ብድግ ብለው "ይቺ ልጅ እንግሊዝኛውን ጠጥታዋለች!" አሉ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው እናቴ ነበረች።

ወደ ቤት ስንሄድ "ራስሽ ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"እኔ ብለው ማን ይሰማኛል? አንቺ ስትዪው ተሰማ።"

እኔም ጭብጨባውን ይዤ ቀረሁ።

ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ፊልሙን አንድ ቃል ሳያመልጠኝ አየሁት፤ ሽማግሌውን የሚያጋልጥ አንዲት ንግግር የለችም። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሁላችንንም በልጣን ነበር። ኮራሁባት፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። በሰልስቷ ዕለት እንኳ፣ ያረጁት ፎርማን ይህንኑ ታሪክ የእኔ ጉብዝና አድርገው ለለቀስተኛው ሲያወሩ፣ አንገቴን ደፍቼ ዝም ብያለሁ።

"እሱ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?" አለች ልጄ፣ ፊልሙ ሲያልቅ።

"አያትሽ ናት ያወቀችው" አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጄ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችና "የቱ ጋ ስትደርስ አወቀች?" ብላ ስልኩን አስጠጋችልኝ። ሽማግሌው እርጥቡን ጸጉር ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጥቅ "እዚህ ጋ" ብዬ በጣቴ አሳየኋት።