ዘይኑዲን ጠቀሰኝ!

ዘይኑዲን የቆቦ የከብት ደላላ ነበር። ምላሱ ማር፣ ፊቱ ድንጋይ። ሻጭ ቢምል፣ ገዢ ቢሳደብ ቅንድቡ ንቅንቅ አይልም። የሆዱን የሚናገረው በጥቅሻ ብቻ ነው፤ ሻጭን ከጠቀሰ «ቀንስ»፣ ገዢን ከጠቀሰ «ጨምር» ማለቱ ነው።

በ1973 በጋ የማጅራት ገትር ወሬ ተሰማና ቀበሌው አዋቂ ሕፃን ሳይል ሁሉን ለክትባት አሰለፈ። ዘይኑዲንም ክንዱን ሰጥቶ ተመለሰ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ሲጉመጠመጥ ውሃው በግራ አፉ ተንቆርቁሮ ደረቱን አራሰው። ሚስቱ ራህመት ቀና ብላ አየችው።

«ያ ረቢ! አፍህ ምን ሆኖ ወደ ጆሮህ ሸሸ? ጂን በጥፊ መትቶህ ነው!»

ግራ ዓይኑ አልከደን ብሎ ቀኙ ብቻ ይርገበገባል። ራህመት ተኛ ብትለውም የገበያ ቀን ነውና አሻፈረኝ ብሎ ወጣ።

አንድ የዋጃ ገበሬ በሬውን ሊሸጥ ከገዢ ጋር ይከራከራል። ዘይኑዲን መሀል ቆሞ ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ሻጩ ይቀንሳል፣ ገዢው ይጨምራል። ኋላማ ዋጋቸው ተላለፈና ሻጩ «ይሄ በዛብኝ፣ አልቀበልም!» ገዢው «ኧረ ውሰድ!» እያሉ ተናነቁ። ዘይኑዲን ከዚያ ሲሸሽ በርበሬ ነጋዴዋ ትርንጎ ጋ ደረሰ፤ ዓይኑ እሷም ላይ ተርገበገበ።

«አንተ ባለጌ! ራህመትን የማላውቃት መሰለህ?» ብላ በሽንኩርት ግንባሩን አለችው።

ሮጦ ክሊኒክ ገባ። ሰው ሁሉ ዶክተር የሚለው ቁስል አሳሪው ድሬሰር ሙላው ፊቱን ዳሰሰ።

«ክትባቱ ነው እንዴ ዶክተር?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሳይከተቡም ፊታቸው የሚጣመም አሉ። አልፎ አልፎ ግን ክትባት የቀሰቀሳቸው የሰውነት ጠባቂዎች፣ ጠላት ፍለጋ ወጥተው የገዛ ፊትህን ነርቭ ይመታሉ።»

«እንደ ቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ይበሉኛ!»

ሙላው ዘሎ በሩን ዘጋ። «ዝም በል! ደግሞ አትጥቀሰኝ!»

«ወላሂ አልጠቀስኩዎትም!»

ሙላው የዓይን ቅባት ሰጠው፤ ሲተኛ ዓይኑን በጨርቅ እንዲሸፍን፣ በትዕግሥት እንዲጠብቅ መከረው። «ማጅራት ገትሩ ግን ከዚህ እጅግ ይከፋል፤ ያልተከተበ ዘመድ ካለህ ላከው» አለው። ዘይኑዲንም ወንድሙን ከሮቢት ድረስ እየጎተተ አመጣ።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ራህመት ከጓሮ ፉጨት ሰማች። ወጥታ ብታይ ዘይኑዲን የማሽላው አገዳ ክምር አጠገብ ቆሞ፣ አፉ ተቃንቶ፣ ከንፈሩን አሹሎ ለወፎቹ ያፏጫል። እንደ ልጅ እየሳቀች ሮጣ አቀፈችው።